ዲለን ሐይቅ ዳር ያወጣነው 1,140 ዶላር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በላክንላችሁ የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ አንዲት መስመር ነበረች። «የጁላይ ጉዞ፣ ዲለን፣ 1,140 ዶላር» ትላለች። ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ ከለጋሾቻችን አንዱ ደወሉልን። «እኛ የሰጠነው የቤት ኪራይ ላጠራት እናት ነው፤ ሽርሽር እዚህ ውስጥ ምን አገባው?» አሉ። አልተቀየምንም። ገንዘብ የሰጠ ሰው የመጠየቅ መብት አለው፤ ሒሳብ የያዘም የመመለስ ግዴታ አለበት። ዛሬ የምንናገረው ለእሳቸው መልስ እንዲሆን ነው። መልሱን ስናዘጋጅ ግን በዚያች መስመር ውስጥ ያልጻፍነው ሌላ ነገር እንዳለ እርስ በርሳችን ተማመንን። እሱንም እንናገራለን።

መጀመሪያ ገንዘቡ። ለቫን ኪራይና ለቤንዚን 436 ዶላር፣ ለቦታ ኪራይ 310፣ ለመጠጥ ውሃ፣ ለፍራፍሬና ለልጆች ምግብ 300፣ ለጋዝ ምድጃና ለጋዙ 94 ወጥቷል። የሄድነው 24 ሴቶችና 17 ልጆች ነን። ለአንድ ሰው ሲካፈል 28 ዶላር አይሞላም። እንጀራው፣ ወጡና ድፎ ዳቦው ከየቤታችን ስለሄደ ሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ ቢገባ ኖሮ ከሁሉም የሚበልጠው ወጪ እሱ ነበር። ደረሰኞቹ ፋይል ውስጥ ናቸው። ማየት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ኑ።

ለምን ሄድን? ሁላችንም ዴንቨርና አውሮራ እንኖራለን። ጠዋት አውቶቡስ ስንጠብቅ ተራራው ከፊታችን ነው። በረዶ ሲለብስ እናየዋለን፣ ሲገፍም እናየዋለን። ከመካከላችን አንዷ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ዓረብ አገር በሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ የቤቱ በር የሚቆለፈው ከውጭ ነበር። አሁን በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። ዴንቨር ስድስት ዓመት ስትኖር ወደዚያ ተራራ አንድም ቀን አልወጣችም። ለምን ብለን ስንጠይቃት፣ «ማን ይፈቅድልኛል ብዬ!» አለችን። ሳቅን። ቶሎ ደግሞ ሳቃችን ቆመ፤ ብዙዎቻችን ከእሷ አንሻልም ነበርና። ተራራው የባለ ስኪዎች፣ የባለ ብስክሌቶች፣ መኪናቸው ላይ ጀልባ ጭነው የሚሄዱ ሰዎች ርስት ይመስለን ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። ብሔራዊ ደን የሕዝብ መሬት ነው። የሚያስተዳድረው የፌዴራል መንግሥት የደን አገልግሎት ሲሆን፣ ደንቡን አክብሮ ለሚገባ ሁሉ ክፍት ነው። በዲለን ዙሪያ ያለውን ደን የሚያስተዳድረው የኋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን ከ2 ሚሊዮን ኤከር በላይ ስፋት አለው፤ የመጀመሪያው ክልል የተከለለው በ1891 ነው። እግር ጥሎት ለሚሄድ አብዛኛው ቦታ በነፃ ነው። የሚከፈልባቸው የካምፕ ቦታዎችና አንዳንድ የቀን መዋያዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ አንድ ነገር እንጨምር፤ ሥራችን ስለሆነ ታገሡን። መኪናችንን ስናስመዘግብ ከምዝገባው ጋር የሚከፈል የኮሎራዶ የፓርክ ክፍያ አለ። በ2023 ሲጀመር 29 ዶላር ነበር። ብዙዎቻችን ምን እንደሆነ ሳናውቅ ከፍለነዋል። እሱ የሚያገለግለው በክልሉ ፓርኮች ነው፤ የብሔራዊ ደን ክፍያን አይሸፍንም። በሌላ በኩል አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ ለልጁ በነፃ የሚሰጥ የአንድ ዓመት የፌዴራል መግቢያ አለ፤ አብሮት በመኪናው ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይገባበታል። ለካምፕ አይሆንም፣ የመግቢያና የቀን መዋያ ክፍያ ባለበት ግን ይሠራል። ከእኛ ጋር ከሄዱት ልጆች ውስጥ ሦስቱ አራተኛ ክፍል ነበሩ። አንዳችንም አናውቅም ነበር።

ከዴንቨር በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ 70 ማይል ያህል ነው። መንገዱ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ከ11,000 ጫማ በላይ ላይ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ ይገባል። ልጆቹ ዋሻው ውስጥ ትንፋሻቸውን ይዘው ለማለፍ ተወራረዱ፤ 1.7 ማይል ነውና አንዱም አልቻለም። ከዋሻው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጨርስ ውሃው በጥዶቹ መካከል ታየ። እማማ፣ በዕድሜ ትልቋ አባላችን፣ እስከዚያ ድረስ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዝም ብለው ነበር። ሲያዩት «ጣና ነው እንዴ?» አሉ።

ጣና እንኳ አይደለም፤ ሰው የሠራው ነው። የዲለን የውሃ ማጠራቀሚያ የዴንቨር የውሃ ድርጅት ንብረት ሲሆን፣ ድርጅቱ ካሉት ማጠራቀሚያዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ግድቡ ያለቀው በ1963 ነው። ሲሞላ የውሃው ወለል 9,017 ጫማ፣ በእኛ አቆጣጠር 2,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ከፍታ የቀረበ ነው ማለት ነው፤ ብርዱንም ከዚያ ገምቱት። በጁላይ ጋቢ ይዘው የመጡት እናቶች ማታ ላይ ተከበሩ። ምስሩም እንቢ ብሎን ነበር። ውሃ በዚያ ከፍታ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ቤት የለመድነው ሰዓት አልበቃ አለ።

ውሃው ወደ ከተማ የሚመጣበት መንገድ ልጆቹን ከሁሉ በላይ አስደነቃቸው፤ እኛንም ጭምር። እዚያ የሚጠራቀሙት ወንዞች በተፈጥሯቸው የሚፈሱት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኮሎራዶ ወንዝ ነው። ዴንቨር ያለችው ደግሞ ከተራራው ሰንሰለት በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ከሐይቁ ሥር ተነስቶ በተራራው ሆድ ውስጥ የሚያልፍ 23.3 ማይል ርዝመት ያለው ዋሻ ተቆፈረ፤ የሮበርትስ ዋሻ ይባላል፣ በ1962 አለቀ። ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ቁልቁለት፣ ውሃው ተራራውን ከሥር አልፎ ወደ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ይወርዳል። ዴንቨር የምንኖር ሰዎች ቡና የምናፈላው በዚህ ውሃ ጭምር ነው። አውሮራ የምትኖሩ የራሳችሁ የውሃ መሥመር አላችሁና አትቆጡን።

ከውሃው በታች ከተማ ነበረ። የድሮው ዲለን የተመሠረተው ሦስት ወንዞች በሚገናኙበት ሸለቆ ነበር። ግድቡ ሲታሰብ ነዋሪው በ1961 እንዲለቅ ተደረገ፤ አንዳንዱ ቤት በመኪና ተጭኖ ተጓዘ፣ የመቃብሩ አጽም ሳይቀር ወደ ኮረብታው ተዛወረ። ይህንን ስንሰማ እማማ አማተቡ። ከመካከላችን የናዝሬት ልጅ የሆነችው ደግሞ የቆቃ ግድብ በ1960 ሲያልቅ መሬታቸው ውሃ ስለዋጠባቸው ሰዎች ከአያቷ የሰማችውን አወራችን። ያ ወሬ ብቻውን አንድ ሰዓት ወሰደ። እዚህ አንደግመውም።

ቡናው ነገር አስቸገረን። ከሰልና ምድጃ ጭነን ነበር የሄድነው። በዚያ ሳምንት ግን በደኑ ላይ የእሳት ገደብ ታውጆ ነበር። ገደቡ ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ እሳት የሚነደው በተዘጋጁ የካምፕ ቦታዎች፣ በተተከለው የብረት ማንደጃ ውስጥ ብቻ ነው። በሁለተኛው ደረጃ እንጨትም ከሰልም ፈጽሞ አይፈቀድም፤ መዝጊያ ቁልፍ ያለው የጋዝ ምድጃ ብቻ ይፈቀዳል። እኛ የደረስነው በሁለተኛው ነው። ፍሪስኮ ወርደን በ94 ዶላር የጋዝ ምድጃ ገዛን፤ ሪፖርቱ ላይ ያለችው 94 ዶላር እሷ ናት። ከሰሉ ተመልሶ ቤት ገባ። ዕጣን አላጨስንም። ቡናው ተቆልቶ ሽታው ጥዶቹ መካከል ሲገባ ግን አጠገባችን ድንኳን የተከሉ ሽማግሌ ባልና ሚስት ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ሦስቱንም ጠጥተው ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ጉልበት ያላቸው በሐይቁ ዙሪያ በሚሄደው የአስፋልት የእግርና የብስክሌት መንገድ ላይ ተጓዙ። እናቶችን ይዘን ሳፋየር ፖይንት ወደሚባለው መመልከቻ ሄድን። መኪና ማቆሚያው ቅርብ ነው፣ ዙሪያው አንድ ማይል አይሞላም፣ ውሃውና ተራራው በሙሉ ከፊት ይታያል። የሌሊት ሠራተኛዋ እህታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት። አልቀሰቀስናትም። በቀን ብርሃን፣ በሜዳ ላይ፣ ማንም ሳይጠራት መተኛቷ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ወዳልጻፍነው ነገር እንምጣ።

በዲለን መዋኘት ክልክል ነው፤ የመጠጥ ውሃ ነውና። ጀልባና ካያክ ግን ይፈቀዳሉ። ልጆቹ ውሃ እያዩ እንዳይከፉ ብለን ከመሄዳችን በፊት ለመዋኛ ገንዳ የሚሆን፣ በአፍ የሚነፋ የፕላስቲክ ጀልባ ገዝተን ነበር። ዋጋው 19 ዶላር ነው። ከኪሳችን ስለከፈልን ደረሰኙ ፋይሉ ውስጥ የለም። ከምሳ በኋላ አንድ የ10 ዓመት ልጅና የ7 ዓመት እህቱ ጀልባዋ ላይ ወጡ። ውሃው ዳር፣ ጉልበት በማይደርስበት ላይ ነበሩ። እኛ ከባሕሩ አሥር እርምጃ ርቀን ሰሐን እናጥብ ነበር።

በዚያ አገር በሰመር ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ደመና ይሰበሰባል፣ መብረቅም ይመጣል። ጀልባ የሚያውቁ ሰዎች ጠዋት ወጥተው ከቀትር በፊት የሚመለሱት ለዚህ ነው። እኛ አላወቅንም። ነፋሱ ከየብስ ወደ ውሃ ነፈሰና ያችን ቀላል ፕላስቲክ እንደ ቅጠል ወሰዳት። ቀና ስንል ልጆቹ ሩቅ ነበሩ። ልጁ በእጁ ይቀዝፋል፣ ጀልባዋ ግን ትዞራለች እንጂ አትመለስም። የመንሳፈፊያ ጃኬት አልለበሱም። ይዘንም አልሄድንም።

ከ24ታችን መዋኘት የሚችል አንድም አልነበረም። ይህንን ያወቅነው በዚያች ደቂቃ ነው። እናትየዋ በልብሷ ገባች፤ ውሃው ወገቧ ሲደርስ ብርዱ ትንፋሿን ቆረጠው፣ ሁለት ሆነን ጎትተን አወጣናት። የቀረነው በአማርኛ እንጮሃለን። አንድ በካያክ ላይ የነበረ ሰው ቋንቋውን ባያውቅም ጩኸቱን አወቀ። ቀዝፎ ደረሰላቸው፣ ጀልባዋን በገመድ ከራሱ አስሮ ጎትቶ አመጣቸው። ልጆቹ እርጥብ እንኳ አልነበሩም። ትንሿ «ደግመን እንሂድ» አለች።

ሰውየው ሳይቆጣ ነው የነገረን። ያ ውሃ የቀለጠ በረዶ ነው። ሰው ድንገት ሲገባበት በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ሳይፈልግ ያቃስታል፣ ትንፋሹን መቆጣጠር አይችልም፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ በዚያው ይሰጥማል። ከዚያ በኋላ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ራሱን የሚስተው ግን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያቺን አንድ ሰዓት የሚሰጠው ጃኬቱ ነው፤ ጃኬት የሌለው ዋና ቢችልም 10ኛው ደቂቃ ላይ ያልቅበታል። በኮሎራዶ ሕግ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በጀልባ ላይ እያለ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰውም አንድ አንድ መኖር አለበት። ሕጉን ጥሰናል። ማንም አልቀጣንም።

ማታ ተሰብስበን ተመካከርን። እናትየዋ እያለቀሰች እንዳይወራ ለመነችን። እኛም ቶሎ እሺ አልን። የእሷን ልመና ምክንያት አደረግን እንጂ የራሳችንም ፍርሃት ነበረበት። ለጋሾች ቢሰሙ «እነዚህ ልጅ ሊያስጨርሱ ነበር» ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ ብለን ፈራን። ስለዚህ ሪፖርቱን ስንጽፍ ወጪውን ጽፈን ሌላውን ተውነው። ቁጥሩ ልክ ነበር። ሪፖርቱ ግን ልክ አልነበረም። የደወሉልን ለጋሽ ስለ 1,140 ዶላር ሲጠይቁን የተደናገጥነው ለዚህ ነው፤ ለገንዘቡማ መልስ ነበረን።

ባለፈው ወር እናትየዋን ጠየቅናት። «ተናገሩት፤ እኔም ሌሊት ሌሊት ያ ውሃ ይታየኛል» አለች። በፈቃዷ ነው የምንናገረው።

አንዳንድ አባላት ከዚህ በኋላ ጉዞው ይቅር ብላችኋል። ሐሳባችሁን እናከብራለን፣ ግን አንስማማም። ያንን ውሃ ልጆቻችን ያለ እኛም ያዩታል፤ ከትምህርት ቤት ጋር ይሄዳሉ፣ አድገው ከጓደኛ ጋር ይሄዳሉ። ከዚያ ጉዞ በኋላም ከመካከላችን አሥር የምንሆን በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በመስቀል ሰሞን፣ በየራሳችን ገንዘብ ተመልሰን ሄደናል። አስፐን የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ በዚያን ጊዜ ቢጫ ይሆናል። ተራራው በሙሉ አደይ አበባ የለበሰ ይመስላል። በጀልባ አልወጣንም፤ መንገዱን በእግራችን ሄድን። የሌሊት ሠራተኛዋ እህታችን በራሷ መኪና አራት ሰው ጭና መጣች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሁለት ወሯ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ድምፅ የምትሰጡባቸው ሁለት ነገሮች አሉን። አንደኛው፣ 20 የመንሳፈፊያ ጃኬት በተለያየ የልጅና የአዋቂ መጠን እንዲገዛ 600 ዶላር ይፈቀድ የሚል ነው። ጃኬቶቹ በማኅበሩ ስም ተመዝግበው ይቀመጣሉ፤ ማንኛዋም አባል ቤተሰቧን ይዛ ስትወጣ ፈርማ ትወስዳለች፣ ስትመለስ ትመልሳለች። ጃኬት ካልተገዛ በዚህ ዓመት የማኅበሩ ጉዞ አይኖርም፤ ይህንን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። ሁለተኛው፣ ለአዋቂ ሴቶች በከተማው መዋኛ ውስጥ የጀማሪ ትምህርት ከማኅበሩ ግማሹ እንዲከፈል ነው። ከአባላት ግማሽ፣ ከማኅበሩ ግማሽ። በአደባባይ ልብስ ማውለቅ ለሚከብዳቸው እናቶች ሙሉ ልብስ የሚፈቅድ መዋኛ እየጠየቅን ነው።

ለጋሾች ሆይ፣ የሰጣችሁት ገንዘብ ለቤት ኪራይ ብቻ እንዲውል የምትፈልጉ ካላችሁ በደብዳቤ አሳውቁን፤ በተለየ ሒሳብ እንይዘዋለን፣ ከዚያም አንድ ሳንቲም ለጉዞ አይወጣም። ከዚህ በኋላ በሚላክላችሁ ሪፖርት ላይ ከወጪው ቀጥሎ «የደረሰ ችግር» የሚል ዓምድ ይኖራል። ባዶም ቢሆን ይኖራል።

በጁላይ ለመሄድ ከተወሰነ ቦታው አሁን መያዝ አለበት። በደኑ ውስጥ ያሉ ብዙ የካምፕ ቦታዎች ብዙውን ጊዜ ለማስያዝ የሚከፈቱት ከ6 ወር በፊት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ወዲያው ያልቃል። ከሰል አታምጡ። የምትነፋዋን ጀልባ እኛው ቀደን ጥለናታል።

የዋና ትምህርቱ መመዝገቢያ ወረቀት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የምትመዘግበው የልጆቹ እናት ናት። የመጀመሪያው መስመር ላይ የራሷን ስም ጽፋለች።